ሰው ሠራሽ የደም ቧንቧ ደም እንዳያረጋ፦ የውስጥ ገጽ ማከሚያ ዘዴዎችን ለመምረጥ የሚረዳ ንጽጽር

ይህ ንጽጽር የተዘጋጀው በድሬዳዋና በሐረር ለሚገኙ የሕክምና መሣሪያ መሐንዲሶች፣ የቀዶ ሕክምና ባለሙያዎች፣ ለሆስፒታል ግዢ ዝርዝር መግለጫ ለሚያወጡ ሠራተኞችና በፖሊመር ዙሪያ የመመረቂያ ጥናት ለሚጽፉ ተማሪዎች ነው። ከፖሊመር የተሠራ ቧንቧ ወይም ካቴተር (ወደ ደም ሥር የሚገባ ቀጭን ቱቦ) ከሰው ደም ጋር ሲገናኝ ደሙ እንዳይረጋበት ገጹን በምን ማከም እንደሚሻል ብዙ ተጽፏል፤ አቅራቢዎችም እያንዳንዱን ሽፋን የመጨረሻው መፍትሔ አድርገው ማቅረብ ይቀናቸዋል። የእኔ አቋም ግን የተለየ ነው። ምርጫውን ሊወስን የሚገባው የዘዴው አዲስነት ሳይሆን የቧንቧው ስፋት፣ በውስጡ የሚያልፈው ደም ፍጥነትና ዕቃው በሰውነት ውስጥ የሚቆይበት ጊዜ ነው። እነዚህ ሳይታወቁ ስለ ሽፋን ዓይነት መከራከር ገንዘብንም የታካሚን ዕድልም ያባክናል።

ደም ባዕድ ነገር ሲነካ

ደም ባዕድ ገጽ በነካ በሰከንዶች ውስጥ በውስጡ የሟሙ ፕሮቲኖች ገጹን ይለብሱታል። መጀመሪያ የሚደርሱት እንደ አልቡሚን ያሉ በብዛት የሚገኙትና ፈጥነው የሚንቀሳቀሱት ሲሆኑ፣ እየቆዩ ግን ቦታቸውን ለፋይብሪኖጅንና ከገጹ ጋር ይበልጥ ለሚጣበቁ ሌሎች ፕሮቲኖች ይለቃሉ፤ ይህ መተካካት በተመራማሪው በሊዮ ቭሮማን ስም ይታወቃል። ፋይብሪኖጅን ገጹ ላይ ሲጣበቅ ቅርጹ ስለሚለወጥ ፕላትሌቶች (ደም እንዲረጋ የሚያግዙ ጥቃቅን የደም ሴሎች) የሚይዙት ክፍሉ ይገለጣል፤ የተለጠፉት ፕላትሌቶችም ነቅተው ሌሎችን ይስባሉ። በሌላ በኩል ፋክተር 12 የተባለው ፕሮቲን በተለይ አሉታዊ ቻርጅ ባለው ገጽ ላይ ሲነቃ የደም መርጋትን ሰንሰለት ይጀምራል፤ የሰንሰለቱም ፍጻሜ የደም ሴሎችን የሚያጠምደው የፋይብሪን መረብ ነው።

ጤነኛው የደም ቧንቧ ይህን ሁሉ የሚያስቀረው ውስጡን በለበሱት የኢንዶቴሊየም ሴሎች ነው። ሴሎቹ ሄፓሪንን (ደም እንዳይረጋ የሚከላከለውን መድኃኒት) የሚመስል ሞለኪውል በገጻቸው ላይ ይይዛሉ፣ ናይትሪክ ኦክሳይድንና ፕሮስታሳይክሊንን እያመረቱ ፕላትሌቶችን ያረጋጋሉ፣ የተፈጠረውንም ትንሽ እርጋታ ያሟሟሉ። ሰው ሠራሽ ገጽን ለማከም የተሞከሩት ዘዴዎች በሙሉ ከዚህ ሥራ አንዱን ክፍል ለመተካት የሚጥሩ ናቸው፤ አንዳንዱ ገጹን ከፕሮቲኖች ይሸሽጋል፣ አንዳንዱ ገጹ ላይ የሚጀምረውን መርጋት ይዋጋል፣ አንዳንዱ ደግሞ ሴሎቹን ራሳቸውን ለመመለስ ይሞክራል።

አንድ ነገር በቅርብ ለማየት ያህል፣ ድሬዳዋ ውስጥ በማንኛውም የቧንቧ ዕቃ መሸጫ የሚገኘውን ነጭ የቴፍሎን ጥቅል ወስዶ በላዩ ላይ አንድ ጠብታ ውኃ ማንጠብጠብ ይበቃል። ጠብታው ሳይዘረጋ ክብ ሆኖ ይቆማል፤ ጥቅሉ ዘንበል ሲልም ይንከባለላል። ከገጹ ጋር የሚፈጥረው የንክኪ ማዕዘን 110 ዲግሪ አካባቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 ሮበርት ጎር ይህንኑ ቁስ በፍጥነት በመለጠጥ በጥቃቅን ቀዳዳዎች የተሞላ አደረገው፤ ዛሬ በክንድና በእግር ላይ የሚተከሉት አብዛኞቹ ሰው ሠራሽ ቧንቧዎች የሚሠሩትም ከዚህ የተለጠጠ ቴፍሎን ነው። ከዚህ ተነስቶ «ውኃ የማይይዝ ገጽ ደምንም አይይዝም» ብሎ መደምደም ግን ስሕተት ነው፤ ፋይብሪኖጅን ውኃ በሚሸሽ ገጽ ላይ አጥብቆ ይጣበቃልና። «ውኃ የሚስብ ገጽ ሁሉ ከደም ጋር ይስማማል» የሚለውም እንዲሁ ስሕተት ነው፤ ውኃ ስባ የምትታወቀው ንጹሕ መስታወት ደምን በፍጥነት ታረጋለች። የንክኪ ማዕዘን ለውጥ መደረጉን ያሳያል እንጂ ለውጡ ለደም መልካም መሆኑን አያረጋግጥም። ተማሪዎች የጥናታቸውን መደምደሚያ በዚህ አንድ መለኪያ ላይ ብቻ ባያቆሙት እመክራለሁ።

ሽፋን የማያስፈልግበት ቦታ

እ.ኤ.አ. በ1952 አርተር ቮርሂስና ባልደረቦቹ ቪንዮን ኤን ከተባለ ጨርቅ የተሠራ ቧንቧ በእንስሳት ላይ መትከላቸውን አሳወቁ፤ በዚያው አሥርት ዓመት ማይክል ደቤኪ ዳክሮን ከተባለ የፖሊስተር ጨርቅ በልብስ ስፌት መኪና የሰፋው ቧንቧ ለዋናው ደም ወሳጅ ለአዎርታ ዋለ። ዳክሮን ዛሬም በአዎርታ ላይ ለብዙ ዓመታት ያገለግላል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ሰፊ ቧንቧ ውስጥ ደሙ በኃይል ስለሚያልፍ የተለጠፈው ይታጠባል፣ ገጹ ላይ የሚቀረው ቀጭን የፋይብሪን ንጣፍም መንገዱን አይዘጋም። ስለዚህ ለአዎርታ የሚገዛ ዳክሮን ፀረ እርጋታ ሽፋን አለው ተብሎ ተጨማሪ ዋጋ ቢጠየቅበት፣ ያ ገንዘብ ለሌላ ቢውል ይሻላል። እዚህ ቦታ የሚያስፈልገው የጨርቁን ቀዳዳዎች በጄላቲን ወይም በኮላጅን የደፈነ፣ በቀዶ ሕክምናው ሰዓት ደም የማያንጠባጥብ ቧንቧ ነው።

ችግሩ የሚጀምረው የቧንቧው ውስጣዊ ስፋት ከ6 ሚሊሜትር ሲያንስ ወይም ደሙ ዝግ ብሎ ሲሄድ ነው። እዚያም ቢሆን ከማንኛውም ሽፋን በፊት የሚቀድም ምርጫ አለ። ለእግር፣ በተለይ ከጉልበት በታች ለሚደረግ ማለፊያ (ደሙን በተዘጋው ቦታ ጎን ለሚያሳልፍ አዲስ መንገድ)፣ የታካሚው የራሱ ደም መላሽ ቧንቧ ከየትኛውም ፖሊመር ይበልጣል። ለኩላሊት እጥበትም የራሱን ደም ወሳጅና ደም መላሽ ክንዱ ላይ በማገናኘት የሚሠራው ፊስቱላ ይቀድማል። ፖሊመር የሚመጣው ደም ሥሩ ሲቀጥን፣ ቀድሞ ሲጎዳ ወይም ፊስቱላው እስኪጠነክር የሚፈጀው ሳምንታትና ወራት ሲጠፋ ነው። ዘግይተው ወደ ሆስፒታል በሚደርሱ ታካሚዎች ዘንድ ይህ የተለመደ ነው፤ ለዚህም ነው ጉዳዩ ለእኛ አካባቢ የወረቀት ላይ ጥያቄ ያልሆነው።

የጋዝ ፕላዝማና ኬሚካላዊ ማሻከር

የኦክስጅን፣ የአሞኒያ ወይም የአርጎን ጋዝ በዝቅተኛ ግፊት በኤሌክትሪክ ኃይል ሲበታተን የሚፈጠረው ፕላዝማ የፖሊመሩን ጥቂት ናኖሜትር ብቻ ይለውጣል፤ የቧንቧው ጥንካሬና ልስላሴ እንደነበረ ይቆያል። ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። ሆኖም ፕላዝማ ብቻውን ያለቀለት ሕክምና አይደለም። በገጹ ላይ የተፈጠሩት ውኃ ወዳድ የኬሚካል ቡድኖች በቀናትና በሳምንታት ውስጥ ወደ ውስጥ እየተገለበጡ ገጹ ወደ ቀድሞ ጠባዩ ይመለሳል፤ ሙቀት ሲጨምር የፖሊመሩ ሰንሰለቶች ይበልጥ ስለሚንቀሳቀሱ መመለሱም ይፈጥናል። የቀኑ ሙቀት በሰኔ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ በሚደርስበት ድሬዳዋ በመደርደሪያ ላይ የቆየ በፕላዝማ ብቻ የታከመ ናሙና፣ በዚያው ቀን ከተለካው ናሙና ጋር አንድ ነው ብሎ መውሰድ አይቻልም። ረጅምና ቀጭን ቧንቧ ከሆነ ደግሞ ጋዙ ወደ መሐሉ እኩል ስለማይደርስ ጫፉና መካከሉ የተለያየ ሕክምና ያገኛሉ። ፕላዝማ በትክክል የሚጠቅመው ለሚቀጥለው ሽፋን መያዣ ሲፈጥር ነው።

የፕላዝማ መሣሪያ በሌለበት የዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ የሚሠራ ተማሪ ለዳክሮን ሌላ አማራጭ አለው። ጨርቁን በኮስቲክ ሶዳ ወይም አሚን ባለበት ውሕድ ውስጥ ለተወሰነ ጊዜ ማቆየት ሽፋን የሚያያዝበትን ቡድን ይፈጥራል፤ ጊዜው ከበዛ ግን ክሩ ስለሚሳሳ የመጎተት ጥንካሬውን አብሮ መለካት ግዴታ ነው። ቴፍሎን በዚህ አይበገርም። በሶዲየም ውሕዶች ማሻከር ቢቻልም ገጹ ይጠቁራል፣ ውሕዶቹም ለአያያዝ አደገኛ ናቸው። ከዚህ ይልቅ እ.ኤ.አ. በ2007 ይፋ የሆነው ዶፓሚንን በፒኤች 8.5 ውኃማ ውሕድ ውስጥ የመንከር ዘዴ ቴፍሎንን እንኳ ሳይቀር በቀጭን ቡናማ ንጣፍ ያለብሳል፤ የሚጠይቀውም ሚዛን፣ ፒኤች መለኪያና ትዕግሥት ነው። ይህም ቢሆን እንደ ፕላዝማው መያዣ ብቻ ስለሆነ በላዩ ላይ ሌላ ሽፋን ሊታከልበት ይገባል።

ገጹን በውኃ መሸሸግ

ፖሊኤትሊን ግላይኮል የተባለው ፖሊመር ሰንሰለቶቹ በገጹ ላይ ተጠጋግተው ሲቆሙ ብዙ ውኃ ስለሚይዙ ፕሮቲን ወደ ገጹ መቅረብ ይሳነዋል። ለቀናት ወይም ለሳምንታት ለሚቆይ ካቴተር ይህ ጥሩ ምርጫ ነው፤ ሲያስገቡትም ስለሚያንሸራትት የደም ሥሩን ግድግዳ አይፍቅም። ድክመቱ በሰውነት ውስጥ ቀስ በቀስ በኦክስጅን መጎዳቱ ነው፤ ለዓመታት ለሚተከል ቧንቧ በእሱ ብቻ አልተማመንም።

ሌላው መንገድ አዎንታዊና አሉታዊ ቻርጅን አንድ ላይ የያዙ ሞለኪውሎችን መጠቀም ነው። ከእነዚህ ዋነኛው የደም ሴሎች የውጭ ሽፋን የሚመስለው ፎስፎሪልኮሊን ሲሆን፣ ጃፓናዊው ካዙሂኮ ኢሺሃራ ከእሱ የሠራው ኤምፒሲ የተባለ ፖሊመር በስፋት ተጠንቷል፤ የፎስፎሪልኮሊን ሽፋን ለልብ ደም ሥር ስቴንቶችም (የጠበበ ደም ሥርን ከፍተው ለሚይዙ ቱቦዎች) ውሏል። ውኃን አጥብቆ በመያዝ ከፖሊኤትሊን ግላይኮል አያንስም፣ በኦክስጅንም በቀላሉ አይጎዳም። የእኔ ሚዛን ወደዚህኛው ያጋድላል፤ ነገር ግን ሽፋኑ በገጹ ላይ የተቀባ ብቻ ከሆነና በኬሚካል ካልተሳሰረ ጥቅሙ አጭር ነው።

ውኃ ያዥ ሽፋኖችን ሁሉ የሚመለከት አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው ማሳሰቢያ ከካቴተሮችና ከመምሪያ ሽቦዎች የተላጡ የሽፋን ቁርጥራጮች በደም ተጉዘው ትንንሽ ቧንቧዎችን ሊዘጉ እንደሚችሉ ገልጿል። ስለዚህ የሚላጥ ሽፋን ሽፋን ከሌለው ገጽ ሊብስ ይችላል፤ አቅራቢው የመላጥ ፈተና ውጤት እንዲያቀርብ መጠየቅ መብት ነው።

ሄፓሪን

ከሁሉም ዘዴዎች በሰው ላይ የተሻለ ማስረጃ ያለው ሄፓሪንን በገጹ ላይ ማሰር ነው። ታሪኩ እ.ኤ.አ. በ1963 ቪንሰንት ጎት ሄፓሪንን በግራፋይትና በአንድ አገናኝ ውሕድ አማካኝነት ከፕላስቲክ ጋር ባጣበቀበት ሥራ ይጀምራል። በዚያ ዓይነቱ ትስስር ሄፓሪኑ እየለቀቀ ወደ ደሙ ስለሚገባ ሽፋኑ ያልቃል። በኮቫለንት (ጠንካራ ኬሚካላዊ) ትስስር በየአቅጣጫው ማሰርም ተሞክሮ ነበር፤ ያኔ ደግሞ ሞለኪውሉ በመሐሉ ስለሚታሰር የሚሠራው ክፍሉ ሊሸፈን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1983 ስዊድናዊው ኦሌ ላርምና ባልደረቦቹ ሄፓሪኑን በአንድ ጫፉ ብቻ የማሰር ዘዴ አስተዋወቁ። ሌላው የሞለኪውል ክፍል ነፃ ሆኖ ወደ ደሙ ይዘረጋል፤ በውስጡ ያለው አምስት ስኳር ያለው ቅደም ተከተል አንቲትሮምቢን የተባለውን የደም ፕሮቲን ይይዛል፤ አንቲትሮምቢኑም ደም የሚያረጋውን ትሮምቢንን ካሰረ በኋላ ለቆ ስለሚሄድ ቦታው ለሚቀጥለው ክፍት ይሆናል። በዚህ ምክንያት ሽፋኑ እየተበላ የሚያልቅ አይደለም፤ ሥራውን የሚደጋግም ነው።

ውጤቱን በስካንዲኔቪያ 11 ማዕከላት በ569 ታካሚዎች እግር ላይ የተካሄደው ንጽጽር ያሳያል። ከአንድ ዓመት በኋላ ሄፓሪን ከታሰረባቸው የቴፍሎን ቧንቧዎች 86.4 በመቶ፣ ካልታሰረባቸው ደግሞ 79.9 በመቶ ክፍት ሆነው ተገኝተዋል። ልዩነቱ እውነተኛ ነው፤ ግን ተአምር አይደለም። ሄፓሪን የሌለበት ቴፍሎን የተተከለለት ሰው ቧንቧው ለአንድ ዓመት ክፍት የመሆን ዕድሉ ከአምስት አራት ነው፤ ሄፓሪን የታሰረበት ቧንቧ ዕድሉን ከስምንት ሰባት ወደሚሆን ያስጠጋል። ቧንቧው ቢዘጋ ሌላ ሆስፒታል ለመድረስ ረጅም መንገድ ለሚጠብቀው ከገጠር ለሚመጣ ታካሚ፣ ይህ ልዩነት የዋጋውን ጭማሪ ይክሳል ብዬ አምናለሁ።

ሁለት ነገሮች ግን አስቀድመው መታወቅ አለባቸው። በሄፓሪን ምክንያት የፕላትሌት ቁጥሩ ቀንሶ የሚያውቅ ታካሚ ሄፓሪን የታሰረበት ዕቃ ሊተከልለት አይገባም፤ የገጹ ሄፓሪን መጠን አነስተኛ ቢሆንም ፀረ እንግዳ አካሉ ሊነሣ ይችላል። ሁለተኛው በሐረርና በድሬዳዋ በተለይ የሚነሣ ጉዳይ ነው፤ ሄፓሪን በዋናነት የሚዘጋጀው ከአሳማ አንጀት ነው። ሙስሊሙም ኦርቶዶክሱም ከአሳማ በሚርቅበት አገር ይህን ለታካሚውና ለቤተሰቡ ከቀዶ ሕክምናው በፊት በግልጽ መንገር የሐኪሙ ግዴታ ነው፤ ሕክምናው የግድ አስፈላጊ ሲሆን ምን እንደሚፈቀድ ደግሞ ሼኹ ወይም ቄሱ እንዲናገሩበት ጊዜ መስጠት ይገባል። በእጥበት ጊዜ በመርፌ የሚሰጠው ሄፓሪንም ምንጩ ያው በመሆኑ፣ ሽፋኑን እንቢ ያለ ታካሚ ስለ መርፌውም አብሮ ሊነገረው ይገባል። እምነቱ የማይፈቅድለት ታካሚ ሽፋን በሌለው ቴፍሎን፣ ከአስፒሪን ጋር፣ በአክብሮት ሊታከም ይችላል።

ካርቦን፣ ናይትሪክ ኦክሳይድና ሕያው ሴሎች

በካርቦን የተለበጠ ቴፍሎን በገበያ ላይ ቢኖርም ካልተለበጠው የሚበልጥ መሆኑ በሰው ላይ በጽኑ አልታየም፤ ዋጋው ተመሳሳይ ካልሆነ በቀር የምመርጥበት ምክንያት የለኝም። ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚለቁ ፖሊመሮች በቤተ ሙከራ ፕላትሌቶችን ድንቅ አድርገው ያርቃሉ፤ ይሁን እንጂ የተከማቸው ጋዝ ስለሚያልቅ ለአጭር ጊዜ ዕቃዎች ይስማማሉ፤ ለምርምርም ለም መስክ ናቸው።

ቧንቧውን ከታካሚው በተወሰዱ የኢንዶቴሊየም ሴሎች ማልበስ በሐሳብ ደረጃ ከሁሉም የላቀ ነው። በቪየና በማንፍሬድ ዶይችና በፒተር ዚላ የሚመራው ቡድን ለብዙ ዓመታት ሠርቶበት ጥሩ ውጤት አግኝቷል። ነገር ግን ሴሎቹን ለማራባት ሳምንታት፣ ከጀርም የጸዳ የሴል ማሳደጊያ ክፍልና የሠለጠነ ሰው ይጠይቃል፤ እግሩ ሊቆረጥ የተቃረበ ታካሚ ያን ያህል አይጠብቅም። ለምሥራቅ ኢትዮጵያ ይህ ለጊዜው የሕክምና ምርጫ አይደለም። ሴል የሚስቡ አጫጭር ፔፕታይዶችን በገጹ ላይ ማሰር ግን ለመመረቂያ ጥናት የሚሆን መጠን ያለው ሥራ ነው።

ሽፋን የማይፈታው

ለእጥበት የተተከለ ቧንቧ በብዛት የሚዘጋው ከደም መላሹ ጋር በተሰፋበት ጫፍ ነው። እዚያ የቧንቧው ግትርነትና የደም መላሹ ልስላሴ ስለማይጣጣም፣ የደሙም ፍሰት ስለሚረበሽ የውስጥ ግድግዳው እየወፈረ መንገዱን ያጠብባል፤ የረጋው ደም የሚመጣው ብዙ ጊዜ ከዚህ በኋላ ነው። ሄፓሪንም ፎስፎሪልኮሊንም ይህን መጥበብ አያስቀሩትም። በየጊዜው ክንዱን መዳሰስ፣ ንዝረቱን ማድመጥና መጥበቡ ሲጠረጠር በአልትራሳውንድ ማየት የሽፋኑን ያህል ቧንቧውን ያቆየዋል።

በየሁኔታው ሲታይ

ለጥቂት ሳምንታት ለሚገባ የእጥበት ካቴተር ውኃ ያዥ ሽፋን ያለው ፖሊዩሬቴን በቂ ነው፤ እዚህ ታካሚውን ይበልጥ የሚጎዳው ኢንፌክሽን ስለሆነ ትርፍ ገንዘብ ካለ ለንጽሕና ዕቃ ቢውል ይሻላል። ፊስቱላ ሊሠራለት ለማይችል ታካሚ ክንድ ላይ የሚተከለው 6 ሚሊሜትር ቧንቧ የተለጠጠ ቴፍሎን ሲሆን፣ በዚህ ቦታ ፍሰቱ ከፍተኛ ስለሆነ ሄፓሪን የታሰረበትን መግዛት የበጀት ጉዳይ ነው፤ ሽፋን የሌለውም ያገለግላል። የራሱ ደም ሥር ለጠፋ የእግር ታካሚ፣ በተለይ ቧንቧው ወደ ጉልበት ሲወርድ፣ በአንድ ጫፉ የታሰረ ሄፓሪን ያለውን ያለማመንታት እመርጣለሁ።

ከመግዛት በፊትና ከገዙ በኋላ

ከአቅራቢው የሚጠየቀው ሰነድ አይሶ 10993 ክፍል 4 የተባለው ዓለም አቀፍ መስፈርት በሚያዝዘው መሠረት የተደረገ የደም ተስማሚነት ፈተና ነው፤ መርጋትን፣ ፕላትሌትን፣ የደም ሴልንና የኮምፕልመንት ሥርዓትን (በደም ውስጥ ያለውን ባዕድ ነገርን የሚዋጋ የፕሮቲኖች ሥርዓት) ይነካል። የቀይ ደም ሴል መሰባበር ከ2 በመቶ በታች ከሆነ ዕቃው አይጎዳም፣ ከ5 በመቶ በላይ ከሆነ ጎጂ ነው ተብሎ ይመደባል፤ ነገር ግን ይህን ፈተና ያለፈ ዕቃ ደም አያረጋም ማለት አይደለም፤ ሁለቱ የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። የበለጠ የሚናገረው በቱቦ ቀለበት ውስጥ በ37 ዲግሪ ትኩስ የሰው ደም እየተሽከረከረ የሚደረገው ሙከራ ነው። የሄፓሪን ሽፋን ከሆነ ደግሞ የተሰጠው የሥራ አቅም አኀዝ ከማምከን (ከጀርም ከማጽዳት) በፊት የተለካ ይሁን ወይስ በኋላ፣ በአገልግሎት ዘመኑ መጨረሻስ ስንት እንደሚቀር በጽሑፍ ማስመለስ ያስፈልጋል።

ዕቃው ከጅቡቲ ወደብ ወደ ድሬዳዋ የሚመጣው በረሃውን አቋርጦ ነው፤ የተዘጋ ኮንቴይነር ውስጥ ያለው ሙቀት ከውጪው በእጅጉ ይበልጣል። በማሸጊያው ላይ የተጻፈው የማከማቻ ሙቀት ወሰን በጉዞው ሁሉ መጠበቁን የሚያሳይ የሙቀት መዝጋቢ በውሉ ውስጥ ቢካተት ወጪው ትንሽ ነው። ደርሶም በሐረር ቅዝቃዜ የሚበቃው መጋዘን በድሬዳዋ ላይበቃ ስለሚችል፣ ማከማቻው አየር ማቀዝቀዣ ያለው፣ መብራት ሲጠፋም ጄኔሬተር የሚያገኝ ክፍል መሆን አለበት። ማሸጊያው የተከፈተ ነገር ግን ያልተተከለ፣ ሄፓሪን የታሰረበት ቧንቧ በምንም መንገድ ተመልሶ በእንፋሎት ሊመከን አይገባም፤ ሽፋኑ ይበላሻል፣ መበላሸቱም በዓይን አይታይም። በቀዶ ሕክምና ክፍል እሽጉ መከፈት ያለበት ሐኪሙ ደም ሥሩን ከፍቶ ካየና የሚያስፈልገውን ስፋትና ርዝመት ካረጋገጠ በኋላ ብቻ ነው።